ዶብሪላ ጨረቃን የበሳች ጊዜ

ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ ዶብሪላ የቢሮዋን በር ዘጋች፣ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ጨረቃን በሳቻት። መሰርሰሪያ አላስፈለጋትም። አንዲት ስምንት ቁጥር አጥፍታ በቦታዋ አምስት ጻፈች፣ አለቀ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሴትዮዋ አበደች ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ዶብሪላ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤልግሬድ ውስጥ በአንድ ፋኩልቲ የጠፈር በረራ ሒሳብ ታስተምራለች። አራት ዓመት ሙሉ የለፋችው ለአንዲት መንገድ ነው። የጫማ ካርቶን የምታህል መንኮራኩር በጥቂት ነዳጅ ከምድር ተነሥታ፣ ጨረቃን ታክካ ዞራ፣ በስበቷ ተወርውራ ሩቅ የምትሄድበት መንገድ። በዶብሪላ ሒሳብ መንኮራኩሯ ከጨረቃ መሐል 1837 ኪሎ ሜትር ርቃ ታልፋለች። ከጨረቃ መሐል እስከ ቆዳዋ 1737 ነው። ስለዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ከመሬቷ በላይ ናት፤ ማንንም ሳትነካ ትሄዳለች። ስምንቷ አምስት ስትሆን ግን 1537 መጣ። መንኮራኩሯ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች እንደ ፍልፈል እየማሰች ታልፋለች ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ ዝም ይላል ወይ? ዝም ይላል እንጂ! የዚህ ሙያ ሰዎች ርቀት የሚለኩት ከመሐል ነው፤ ለሒሳባቸው ጨረቃ ማለት ክብደቷን ሁሉ የያዘች አንዲት ነጥብ ናት። ነጥብ ቆዳ የላት፣ ተራራ የላት። መንኮራኩሯን በጨረቃ ሆድ ውስጥ ብትነዳት ሒሳቡ «እሺ» ብሎ ቆንጆ መስመር ይስልልሃል። ተማሪ ሳለ ይህንን ስህተት አንዴ ያልሠራ የዚህ ሙያ ሰው የለም፤ ይሳቅበትና ይማራል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሯን ሲያይ ወዲያው ይለያታል። ካነበበ ነው ታዲያ።

እዚህ ላይ ነው ፕሮፌሰር ቩካሺን የሚመጡት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ራሳቸው የተመለጠ፣ ድምፃቸው ከሦስት ክፍል ወዲያ የሚሰማ። በወጣትነታቸው ጎበዝ ሒሳበኛ ነበሩ ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ግን ሥራቸው ስማቸውን መጻፍ ብቻ ነው። ከዶብሪላ እጅ ሰባት ጥናት ወጥቷል፤ በሰባቱም ላይ የመጀመሪያው ስም ቩካሺን፣ ሁለተኛው ራስትኮ፣ ሦስተኛው ዶብሪላ። ራስትኮ ማን ነው? የፕሮፌሰሩ አማች፣ የሴት ልጃቸው ባል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ረዳት። ጸጉሩን የሚያበጥርበትን ሰዓት ለሒሳብ ቢሰጠው ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ማርስ ላይ ነበርን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አድምቋቸዋል፣ ምን ይደረግ።

ዘንድሮ ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረም። የዶብሪላ ውል ጥር መጨረሻ ላይ ያልቃል። የፋኩልቲው ጉባኤ የሚያድስላት፣ አሜሪካ በሚደረገው የጠፈር በረራ ኮንፈረንስ ላይ ስሟ ቀድሞ የተጻፈበት አንድ ጥናት ካስገባች ነው። አንድ ብቻ። ካላስገባች ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ትወጣለች። ይህንን ለፕሮፌሰሩ በጥቅምት ነገረቻቸው። በኅዳርም ነገረቻቸው።

«የኔ ልጅ» አሏት በኅዳር፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ፣ «ስም ምን ያደርጋል? ዋናው ሳይንሱ ነው።»

«ምንም ካላደረገ የኔን ያስቀድሙታ።»

«ለሚቀጥለው፣ ለሚቀጥለው። አሜሪካኖቹ የሚያውቁት እኔን ነው። ደግሞ እኔ ሳላነብ ስሜን የማኖር ሰው አይደለሁም። የመጨረሻውን ቅጂ አምጪልኝ፣ መስመር በመስመር አየዋለሁ። ማስገባቱን ራስትኮ ያስገባዋል፤ የማስገቢያውን የይለፍ ቃል ስጪው። አንቺ ዕረፊ፣ ከስተሻል።»

ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ ሰው! መስመር በመስመር!

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ጨረቃ ተበሳች። ዶብሪላ ሠንጠረዡንም ሥዕሉንም በአዲሱ ቁጥር ሠርታ አስማማችው፤ ሥዕሉ ላይ ጨረቃ ነጥብ ስለሆነች ቀዳዳው አይታይም። ይህንን ቅጂ በፍላሽ አድርጋ ለፕሮፌሰሩ ሰጠች። ትክክለኛው ቅጂ በሌላ ፍላሽ ቦርሳዋ ውስጥ ከሊፕስቲኳ ጎን ተቀመጠ። ሐሳቧ ቀላል ነበር። በማግስቱ ቢሯቸው ትገባለች፤ «አነበቡት?» ትላለች፤ «መስመር በመስመር!» ይላሉ፤ ያኔ ገጽ አምስትን ገልጣ ታሳያቸዋለች። በር ተዘግቶ፣ ሁለቱ ብቻ፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቅደም የሚባል ክርክር ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። ዶብሪላ የቆፈረችው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

ዓርብ ጠዋት የፕሮፌሰሩ ቢሮ ተቆልፎ ጠበቃት። ሰኞ የቤታቸው በዓል፣ ቤተሰቡ በየዓመቱ የሚዘክረው ቅዱስ ኒኮላስ ነው፤ ዓሣ ሊመርጡ ዳኑብ ወንዝ ዳር ወርደዋል አለቻት ጸሐፊዋ። ስልክ ብትደውል አያነሡም። ቅዳሜ አያነሡም፣ እሑድ አያነሡም። ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለ ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ ከኮንፈረንሱ ነው። «ጥናትዎ ደርሶናል። ጸሐፊዎች፦ ቩካሺን፣ ራስትኮ፣ ዶብሪላ።» የተላከውን ቅጂ ከፈተች። ገጽ አምስት። 1537።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ዶብሪላ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ዞር እስኪል።

እንግዲህ ተመልከቱልኝ። የዓለም የጠፈር ሒሳበኛ ሁሉ ያንን ገጽ ያየዋል። ፕሮፌሰሩን ማንም አይነካቸውም፤ «ሦስተኛዋ ናት ያበላሸችው» ይሉና ያልፋሉ። ስም ሲያስከብር የፊተኛው ይወስደዋል፣ ሲያሳፍር ለኋለኛው ይተርፋል። የይለፍ ቃሏን ብትሞክር አልከፍት አለ፤ ራስትኮ ቀይሮታል።

አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። የማስረከቢያው ቀን እሑድ ነው፤ ነገር ግን የኮንፈረንሱ ደንብ «በምድር ላይ አንድ ቦታ እሑድ እስካለ ድረስ አልረፈደም» ይላል። እሑድ መጨረሻ የምታልቅባት ቦታ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሐል ያለች ደሴት ናት። ሰው የለባትም፣ ወፍ ብቻ። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሞላ ቤልግሬድ ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ የገባን ጥናት በሌላ መተካት፣ ስም ማውጣትና ማስገባት ይቻላል።

ግን እንዴት? ሄዳ «ስህተት አለበት» ብትል ፕሮፌሰሩ ትክክለኛውን ተቀብለው ስማቸውን አስቀድመው ያስገባሉ፤ እንጀራዋ ቀረ። ዝም ብትል ስሟም እንጀራዋም ቀረ። ዳቦውን ትታ አንድ ጠርሙስ ወይን ገዛችና የፕሮፌሰሩ ቤት ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ዝቬዝዳራ የሚወጣውን አውቶቡስ ያዘች። ቢያንስ ስሜን ላትርፍ አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ በራሷ ተንኮል ራሷን ማቃጠሏ ነው ያንገበገባት።

በቅዱስ ኒኮላስ ቀን ማንም ማንንም አይጠራም። በሩ ክፍት ነው፣ የሚያውቅ ይመጣል። የመጣ እንግዳ አይመለስም፣ በእንግዳ ላይ አይጮህም፤ የቤቱ ጌታም ቀኑን ሙሉ አይቀመጥም፣ ቆሞ ያበላል። ዶብሪላ ገብታ ለበዓሉ ከቀረበው የስንዴ ንፍሮ አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ አማተበች፣ ወይኑን አስረከበች።

«እንኳን አደረሰዎ ፕሮፌሰር!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን! ዶብሪላ! ስድስት ዓመት ያልመጣሽ ዛሬ ከየት ተገኘሽ?» አሉ ፕሮፌሰር ቩካሺን፣ የዓሣ ሳህን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

«ቅዱስ ኒኮላስ ጎትቶ አመጣኝ።»

ቤቱ ሙሉ ነው። ጾም ነው፤ በእነሱ ጾም ዓሣ ይበላልና ጠረጴዛው በዓሣ፣ በምድጃ በበሰለ ቦሎቄና በፕሪም አረቄ ተሞልቷል። ከራስጌ በኩል የፕሮፌሰሩ እናት እማማ ዳሪንካ ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረውበታል። ከእንግዳው እኩሌታው የእሳቸው ተማሪ ነበር። ከጎናቸው ያሉት የፋኩልቲው ዲን ዶክተር ኦብራድ እንኳ ስድስተኛ ክፍል እሳቸው ጋ ነው የተማሩት፤ እስከ ዛሬ ፊታቸው ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ አያስደግፉም።

«ዶብሪላ የምትሏት ይቺ ናት?» አሉ እማማ ዳሪንካ። «ነይ አጠገቤ። ወይ ልጄ፣ አጥንትሽ እኮ ነው የቀረው! ቩካሺን! ዓሣ ጨምርላት፣ ከሆዱ በኩል።»

ፕሮፌሰሩ ሳህን ይዘው ጎንበስ ሲሉ ዶብሪላ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «ፕሮፌሰር፣ አንዴ ስለ ወረቀቱ...»

«ዛሬ ወረቀት የለም! ገብቷል፣ አልቋል። ብዪ።»

«ገጽ አምስት ላይ አንድ ነገር...»

«ገጽ አምስትን በቃሌ እወጣዋለሁ!» አሉ፣ ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ዲኑ ቀና አሉ። «የምን ወረቀት ነው?»

«ለአሜሪካው ኮንፈረንስ ነው ክቡር ዲን። ትልቅ ሥራ! ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እርሳስ ይዤ፣ መስመር በመስመር። ይኸው ራስትኮ ምስክሬ።»

ራስትኮ ከጠረጴዛው ግርጌ ዓሣው ጉሮሮው ላይ ቆመበት። «አዎ... እ... ሦስት ቀን» አለና አረቄውን ጨለጠ።

ዶብሪላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት ከሩብ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የመጣችው ስህተቷን ልትናዘዝ ነበር፤ በእውነት ነው የምላችሁ። ግን ሦስት ቀን! እርሳስ ይዤ! ከስድስት ዓመት ጀምሮ የዋጠችው ሁሉ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰና፣ አፏ ላይ ሲደርስ ማር ሆኖ ወጣ።

«እንዴት ደስ ይላል! እስቲ ፕሮፌሰር፣ ለዲኑ ያስረዱልን። እኔ እንኳ እንደ እርስዎ አድርጌ አላስረዳውም።»

ወይ አለመጠርጠር! ፕሮፌሰሩ ሳህኑን አስቀመጡ። ከሳህን ላይ ብርቱካን አነሡ፣ አንዲት የወይራ ፍሬ በስቴኪኒ ወጉ፣ ራስትኮ ጽፎ የሰጣቸውን ብጣሽ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው ሰረቅ አድርገው አዩ። እንግዳው ሁሉ ሹካውን አቆመ።

«ይህቺ ጨረቃ ናት» አሉ ብርቱካኑን ከፍ አድርገው። «ይህቺ መንኮራኩር። እንዲህ ትመጣለች፣ ታክካት ትዞራለች፣ ከዚያ... ሿ! ትወረወራለች።»

«ምን ያህል ታክካት ነው ፕሮፌሰር?» አለች ዶብሪላ፣ እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ዓይኗን አፍጥጣ።

«ከመሐሏ ሺ አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር! ዋናው ቁጥር ይህ ነው። ክቡር ዲን፣ እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። የኔ ልጅ ነው ማለት እችላለሁ።»

ዲኑ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእሳቸው ሙያ የድልድይ ነው፣ ጨረቃ አያውቁም። ከራስጌ በኩል ግን ሹካ ቀጭ ብላ ሳህን ላይ ተቀመጠች።

«ቩካሺን» አሉ እማማ ዳሪንካ።

«አቤት እማዬ።»

«ከጨረቃ መሐል እስከ ዳሯ ስንት ነው?»

«እማዬ፣ እንግዳ እኮ አለ...»

«ጠየቅሁህ።»

ፕሮፌሰሩ ቆመው ነበር፤ የቤቱ ጌታ አይቀመጥማ። ብርቱካን በአንድ እጅ፣ ስቴኪኒ በአንድ እጅ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደተጠራ ልጅ። ዲኑም ሳያውቁት ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ።

«ሺ ሰባት መቶ ሠላሳ...» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

«ሰባት» አሉ ዲኑ ቀስ ብለው፤ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አልረሷትም ነበር።

እማማ ዳሪንካ እጃቸውን ዘርግተው ብርቱካኑን ከልጃቸው ተቀበሉ። ስቴኪኒውንም ተቀበሉ። ወይራዋን እንደተሰካች ብርቱካኑ ሆድ ውስጥ ቀጭ አድርገው ከተቷት፤ ጭማቂው በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ወረደ።

«ታክካት የምትዞረው እንዲህ ነው?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን አረቄ በአፍንጫው ያልወጣ ሰው አልነበረም። የፕሮፌሰሩ ፊት እስከ መላጣ አናታቸው ቀላ። ዓይናቸው ከብርቱካኑ ወደ ዲኑ፣ ከዲኑ ወደ ዶብሪላ ሄደ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«የኔ አይደለም!» ብለው ጮኹ። «የሷ ስህተት ነው!»

«አሁን የኔ ልጅ ነው ያሉት ምኑን ነው?» አሉ ዲኑ።

«የሷ ነው እላለሁ! ሁሉንም የጻፈችው እሷ ናት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው! እኔ አንዲት መስመር አልጻፍኩም! ራስትኮም አልጻፈም፤ ራስትኮ ምን ያውቅና!»

«እኔ ስሞቹን ብቻ ነው የጻፍኩት» አለ ራስትኮ ፈጥኖ።

«እርሳስ ይዘው ያነበቡትስ?» አሉ ዲኑ።

«ምን አነበብኩ! ባነበው ኖሮ ይህንን ሳላየው እቀር ነበር? ፍላሹን ከኪሴም አላወጣሁት፣ እንዳለ ለራስትኮ ነው የሰጠሁት!»

ሳቁ ቆመ። ፕሮፌሰሩ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙት፤ በሩ ላይ የደረሰው እንግዳም ሳይቀር ሰምቶታል። ዲኑ ሹካቸውን አስቀምጠው አፋቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ።

ዶብሪላ ተነሣች። ልትስቅ አስባ ነበር፣ አልሆነላትም። «ፕሮፌሰር እውነታቸውን ነው» አለች። «ስህተቱ የኔ ነው፣ ማንም አይጋራኝም። ጥናቱም የኔ ነው።»

ይህችን «የኔ ነው» ለማለት ስድስት ዓመት ጠብቃለች። ሰው ፊት ስትላት የመጀመሪያዋ ነው።

«ማስረከቢያው አልፏል?» አሉ ዲኑ።

«እስከ ሰባት ሰዓት አለ። አንዲት ደሴት ላይ ወፎቹ ገና እሑድን አልጨረሱም። ትክክለኛው ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ራስትኮ!» አሉ እማማ ዳሪንካ። «ኮምፒውተርህን አምጣ።»

ኮምፒውተሩ በዓሣውና በቦሎቄው መካከል ተቀመጠ። ራስትኮ ሊከፍት ጎንበስ ሲል ዲኑ «የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?» አሉት። ልጁ ጸጉሩን አሻሸ፣ ግድግዳ አየ፣ ሊያመልጥበት የሚችል በር ፈለገ።

«ራስትኮ አንደኛ» አለ በመጨረሻ።

ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ስሞቹ ብቅ አሉ፦ ቩካሺን፣ ራስትኮ፣ ዶብሪላ። ራስትኮ የራሱን ሳይጠየቅ አጠፋ። ቀጥሎ ጣቱን አንሥቶ አማቱን አየ። «ላጥፋው?»

«አጥፋ! አሁኑኑ!» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ስሜን ከዚያ ጉድ ላይ አንሣልኝ!»

«በገዛ ፈቃድዎ ነው አይደል ፕሮፌሰር?» አለች ዶብሪላ ለስለስ ብላ።

«በገዛ ፈቃዴ! ቅዱስ ኒኮላስ ምስክሬ ነው!»

ስሙ ጠፋ። ያኔ ዶብሪላ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከሊፕስቲኩ ጎን ፍላሹን አውጥታ ሰካች። ዲኑ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ አምስትን አዩ። «ሺ ስምንት መቶ ሠላሳ ሰባት» አሉ። «መቶ ኪሎ ሜትር ከላይ። ይህቺ እንኳ ታልፋለች!»

ፕሮፌሰር ቩካሺን ከኋላቸው ሳህን ይዘው አንገታቸውን አሰገጉ። ያዩት ቁጥሩን አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ ከቅጂው ስም ጎን የተጻፈበት ቀን አለ፦ ረቡዕ። የተበሳችውን ጨረቃ በፍላሽ የተቀበሉት ደግሞ ሐሙስ ነው። ረቡዕ ከሐሙስ እንደሚቀድም ለማወቅ ሒሳበኛ መሆን አያስፈልግም፤ እሳቸው ደግሞ ሒሳበኛ ናቸው። ፊታቸው ተራ በተራ ቀላ፣ ገረጣ፣ ቀላ። አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ? «ትክክለኛውማ የኔ ነው» ሊሉ? አሁን በቅዱስ ኒኮላስ ምለው! ሊጮሁባት? እንግዳ ናት፣ በዓል ነው፣ እናታቸው ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አልነቀሉም። አፋቸውን ዘጉ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒውተሩ ጠየቀ፦ «የጸሐፊዎች ብዛት፦ 1። ያረጋግጣሉ?»

ዶብሪላ ተጫነችው። አለቀሰች ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አለቀሰች። ዲኑ የወይን ብርጭቆ አቀበሏትና «በጥር ጉባኤ ላይ አነሣዋለሁ» አሏት። «ወረቀቱ የማን እንደሆነ ከባለቤቱ አፍ ሰምቻለሁ። አንቺም ግን ሁለተኛ ቁጥር አይተሽ ላኪ።»

«አያለሁ ዶክተር» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። ይህችን ቅጣት መቀበል ነበረባት፣ ተቀበለቻት።

እንግዳው ወደ ዓሣው ሲመለስ እማማ ዳሪንካ ጠጋ አሏት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀዳዳውን ሆን ብለሽ ነው የበሳሽው አይደል?»

ዶብሪላ ሹካዋን ጨበጠች። ለእሳቸው መዋሸት አልቻለችም። «አዎ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅዎ ናቸው።»

«እኔ ደግሞ ያነበበውን ካላነበበው እንዴት የምለይ ይመስልሻል? ካርታ አባዝቼ ስሰጥ ዳኑብን ወደ ላይ አስፈስሰው ነበር። ያነበበ እጁን ያወጣል፣ ያላነበበ ቀለም ቀብቶ ይመልስልኛል።» ብርቱካኑን አንሥተው ወይራዋን ከሆዱ አወጡና በሏት። «ሠላሳ ስምንት ዓመት። ከክፍሉ ሁሉ ዳኑብን ወደ ላይ አፍስሶ፣ ቆንጆ ሰማያዊ ቀብቶ የሚያመጣልኝ አንድ ልጅ ነበር። ቩካሺን! የዶብሪላ ሳህን ባዶ ነው!»

ፕሮፌሰሩ መጡ። ዓሣ ጨመሩላት፣ ከሆዱ በኩል። መሄድ አቃታቸውና እዚያው ቆሙ፤ ማንኪያውን በሳህኑ ጠርዝ ላይ አዞሩት።

«ዶብሪላ።»

«አቤት ፕሮፌሰር።»

«ያንን ጥናት... ላነበው እፈልጋለሁ።»

«ነገ ቢሮዎ አመጣልዎታለሁ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራዋ የሚረባ ጥያቄ ጠየቋት።

«የትኛውን?» አሉ።

«ሁለቱንም» አለች ዶብሪላ፣ ከዓሣው አጥንት እየለየች። «አንብበው ልዩነቱን ሲነግሩኝ፣ ስለሚቀጥለው ወረቀት እንነጋገራለን።»